ደኅና መሆን ምንድር ነው?

በአገራችን ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ከሁሉ አስቀድመው የሚለዋወጡት ቃል «ደኅና» የሚለው ነው። ጠዋት «ደኅና አደርክ?» ይባላል፤ ማታ «ደኅና አመሸሽ?» ይባላል፤ ሲለያዩም «ደኅና ሁኑ» ተብሎ ይመረቃል። ቃሉ ከአፋችን ስለማይጠፋ ትርጉሙን ቆም ብሎ የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው። «ደኅና ነኝ፥ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ የመለሰው ሰው ግን በእርግጥ ደኅና ነውን? ራሱን ስላላመመውና ትኩሳት ስለሌለበት ብቻ ደኅና ነው ሊባል ይቻላልን? ወይስ ሰው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ደኅና ላይሆን፥ ታሞም ሳለ ደኅና ሊሆን ይችላል?

ውድ አንባቢዎች ሆይ፤ ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ መልስ ለመፈለግ የተዘጋጀ አጭር ጥናት ነው። ጥያቄው የሽማግሌዎችና የመነኮሳት ብቻ አይደለም። ለፈተና የሚጨነቀው፥ ከጓደኛው ጋር የተኳረፈው፥ በቤቱ ችግር ኖሮበት በክፍል ውስጥ የሚስቀው ተማሪ ሁሉ ጥያቄው ይመለከተዋል።

1ኛ. የቃሉ ምንጭ

«ደኅና» የሚለው ቃል የወጣው «ድኅነ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው። ይህ ግስ በአማርኛ «ዳነ» ሆኗል። ዳነ ስንል ሁለት ነገር እንናገራለን። «በሽተኛው ከወባ ዳነ» እንላለን፤ «ኀጢአተኛው ንስሐ ገብቶ ዳነ» ብለንም እንናገራለን። ለሥጋም ለነፍስም ቃሉ አንድ ነው። «መድኃኒት» የሚለው ስምም የዚሁ ሥር ቅርንጫፍ ነው። በግዕዝ መዳንንና አዳኝን ያመለክታል፤ በአማርኛ ግን ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን ኪኒን እንጠራበታለን። ጌታችንንም «መድኃኔ ዓለም» ስንል የዓለም አዳኝ ማለታችን ነው።

ይህ የእኛ ቋንቋ ጠባይ ብቻ አይደለም። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በጽርእ ቋንቋ «ሶዞ» የሚለው ግስ እንዲሁ ማዳንንም መፈወስንም ያስተረጉማል። ጌታችን ደም ሲፈስሳት 12 ዓመት የኖረችውን ሴት እምነቷ እንዳዳናት በነገራት ጊዜ ወንጌላዊው የጻፈው ይህንኑ ግስ ነው (ማርቆስ ምዕራፍ 5)። በስምዖን ፈሪሳዊ ቤት እግሩን በዕንባዋ ያጠበችውን ሴት ባሰናበታት ጊዜም የተነገራት ያው ቃል ነው (ሉቃስ ምዕራፍ 7)። ይህችኛዪቱ ሴት ግን የሥጋ ደዌ እንዳለባት አልተጻፈም፤ የነበረባት የኀጢአት ሸክምና የሰው ንቀት ነበር። አንዲቱ ታማ፥ ሁለተኛዪቱ በኀጢአት ደክማ መጡ፤ ሁለቱም በአንድ ቃል ተሸኙ። ከዚህም የምንረዳው፥ በወንጌል ዓይን ሰው አንድ መሆኑን ነው፤ አካሉ ለሐኪም፥ ነፍሱ ለካህን፥ ልቡ ለጓደኛ ተከፋፍሎ የተሰጠ ዕቃ አይደለም።

2ኛ. ተፈውሶ ያልዳነ

የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ስለ 10 ለምጻሞች ይነግረናል። በሙሴ ሕግ ለምጽ ያለበት ሰው ከሰፈር ውጭ ለብቻው ይኖር ነበር፤ ቢነጻም መንጻቱን መርምሮ ወደ ሕዝብ የሚመልሰው ካህኑ ነበር። ስለዚህ ጌታ ወደ ካህናት ሄደው ራሳቸውን እንዲያሳዩ አዘዛቸው፤ በመንገድ ሳሉም ነጹ። ከ10ሩ አንዱ ብቻ ተመልሶ በእግሩ ሥር ወድቆ አመሰገነ፤ እርሱም ሳምራዊ ነበር።

አሁን ቃላቱን አስተውለን እንመልከት። ወንጌላዊው በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ 3 ግሶች ተጠቅሟል። ዐሥሩ ሁሉ «ነጹ» ይላል። አንዱ «እንደ ተፈወሰ» ባየ ጊዜ ተመለሰ ይላል። በመጨረሻም ጌታ የተመለሰውን ሰው እምነቱ «እንዳዳነው» ይነግረዋል። ይህ ሦስተኛው ግስ ለዘጠኙ አልተነገረም። እነርሱም ቆዳቸው ጠርቷል፥ ወደ ቤታቸውም ገብተዋል፤ ሰጪውን ግን አላወቁትም። ስጦታውን ይዘው ሰጪውን ረሱ። ስለዚህ ዘጠኙ ተፈወሱ፤ ዳነ የተባለው ግን አንዱ ነው።

እኛም ብዙ ጊዜ የምንለምነው እንደ ዘጠኙ ነው። ፈተናው እስኪያልፍ፥ ሕመሙ እስኪሻል፥ አባታችን ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ስለት እንሳላለን፥ እንጾማለን፥ እንጸልያለን። የለመንነው በተገኘ ማግሥት ግን ጸሎቱ ይቆማል። መለመናችን ክፉ አይደለም፤ ለምጻሞቹም ለምነው ነበርና። ጕድለቱ ያለው ከደጅ መመለሳችን ላይ ነው። ደኅንነት የሚጀምረው ሰው የፈለገውን ባገኘ ጊዜ ሳይሆን የሰጠውን ባወቀ ጊዜ ነው።

3ኛ. ሳይፈወስ የዳነ

የዚህም ተቃራኒ አለ። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በሁለተኛው መልእክት ምዕራፍ 12 ሥጋውን የሚወጋ እሾኽ እንዳለበት ይናገራል። ይህም እሾኽ እንዲወገድለት ጌታን 3 ጊዜ ለመነ። እሾኹ አልተነቀለም፤ የተሰጠው መልስ ጸጋው እንደሚበቃውና የእግዚአብሔር ኃይል በድካም ፍጹም እንደሚሆን ነበር። ሌሎችን የፈወሰ ሐዋርያ ራሱ እሾኹን ይዞ ኖረ። ሆኖም ጳውሎስን ያልዳነ ሰው የሚለው ማን ነው?

ይህን ማወቅ እጅግ ይጠቅማል። ምክንያቱም በየመንደራችን በሽተኛን «እምነት ስለሌለህ ነው ያልዳንኸው» የሚሉ ሰዎች አይጠፉም። ይህ አነጋገር በበሽታ ላይ ሌላ በሽታ ይጨምራል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚማር ጓደኛችን፥ ዓይነ ስውር የሆነው ተማሪ፥ ዕድሜ ልኩን መድኃኒት የሚወስደው ወጣት ከማንኛችንም ያላነሰ ደኅና ሊሆን ይችላል። አካል ሙሉ መሆኑ ሰውን ምሉዕ አያደርገውም፤ አካል መጕደሉም ሰውን ጐዶሎ አያደርገውም።

4ኛ. የተከፋፈለ ልብ

ታዲያ ሰውን በእርግጥ ጐዶሎ የሚያደርገው ምንድር ነው? መጽሐፍ ቅዱስ የሚሰጠው መልስ መከፋፈል ነው። ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 1 ሁለት ልብ ያለውን ሰው በነፋስ ከሚናወጥ የባሕር ማዕበል ጋር ያመሳስለዋል። የዚህ ነገር ትልቁ ሥዕል ግን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የሚገኘው በመቃብር ቤት ይኖር የነበረው ሰው ነው። ሌሊትና ቀን ይጮኻል፤ ሥጋውን በድንጋይ ይቈርጣል፤ ሰንሰለትም አይበግረውም። ስሙን ሲጠየቅ «ሌጌዎን» አለ። ሌጌዎን በሮማውያን ጦር 5 ሺህ ያህል ወታደር የሚይዝ ክፍል ስም ነው። አንዱ ሰው ብዙ ሆኖ ነበር ማለት ነው፤ የራሱን ስም እንኳ መናገር አልቻለም።

ጌታ ካዳነው በኋላ የከተማው ሰዎች ያገኙት ልብስ ለብሶ፥ ልቡ ተመልሶለት፥ ተቀምጦ ነው። ሦስቱም ነገሮች ተራ ናቸው። አልበረረም፤ ተአምርም አላደረገም። መቀመጥ፥ መልበስ፥ ማሰብ ቻለ። የነፍስ ደኅንነት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ጸጥ ያለ ነው፤ ተከፋፍሎ የነበረው ሰው አንድ ሆኖ ይቀመጣል።

እኛ በመቃብር ቤት አንኖርም፤ መከፋፈል ግን እኛንም ያውቀናል። በቤት አንድ ሰው፥ በትምህርት ቤት ሌላ ሰው፥ በቴሌፎን መስኮት ላይ ደግሞ ሦስተኛ ሰው ሆኖ የሚኖር ወጣት ብዙ ነው። በአባቱ ፊት ጨዋ፥ በጓደኞቹ ፊት ተሳዳቢ፥ ለብቻው ሲሆን ደግሞ አልቃሽ ይሆናል። ከእነዚህ ማንኛው እርሱ ነው ቢባል መልሱ ይቸግረዋል። እግዚአብሔርን በፍጹም ልብ፥ በፍጹም ነፍስ፥ በፍጹም አሳብ መውደድ የሚለው ትእዛዝ ከትእዛዛት ሁሉ ታላቅ የተባለው ስለዚህ ይመስለኛል። አንድ ጌታ ያለው ልብ አንድ ይሆናል፤ መቶ ተመልካች ደስ ሊያሰኝ የሚሮጥ ልብ ግን መቶ ይሆናል።

ለዚህ በሽታ ቤተ ክርስቲያን የምታቀርበው መድኃኒት ንስሐ ነው። ንስሐ ራስን መራገም አይደለም፤ የተሰወረውን ወደ ብርሃን ማውጣት ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለሥጋም ለነፍስም ይሠራል። የንስሐ አባት ልማዱ በአገራችን የቈየው፥ ሰው ቢያንስ በአንድ ሰው ፊት ሳይከፋፈል እንዲቆም ነው።

5ኛ. ሰው ያጣ ሰው

ከዐቢይ ጾም እሑዶች አራተኛው «መጻጕዕ» ይባላል። በዚህ ዕለት የሚታሰበው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የተጻፈው፥ በኢየሩሳሌም በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት ተኝቶ የኖረው በሽተኛ ነው። ጌታችን ሊድን ይወድ እንደ ሆነ ጠየቀው። ሰውዬው አዎን ብሎ አልመለሰም፤ ውኃው በተናወጠ ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ተናገረ። ከ38 ዓመት በኋላ ያጐረሰው ምሬት ስለ እግሩ ሳይሆን ስለ ብቸኝነቱ ነበር።

እንግዲህ ደኅንነት ከእግዚአብሔር ጋር ብቻ ሳይሆን ከሰው ጋርም ነው። የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ሽባውን 4 ሰዎች ተሸክመው፥ ጣራ አፍርሰው እንዳወረዱት ሲነግረን ጌታ የተመለከተው የእነርሱን እምነት እንደ ሆነ ይጨምራል። በኢያሪኮ የነበረው የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስ ደግሞ ሀብታምና ጤነኛ ነበር። ለድሆች የሀብቱን እኩሌታ ሊሰጥ፥ የበደላቸውንም 4 እጥፍ ሊመልስ በተነሣ ጊዜ ግን ጌታ በዚያ ቀን ለዚያ ቤት መዳን እንደ ሆነለት ተናገረ (ሉቃስ ምዕራፍ 19)። የዘኬዎስ በሽታ በእጁ የያዘው የሰው ገንዘብ ነበር፤ መዳኑም የታየው እጁ ሲከፈት ነው።

በክፍላችን ውስጥ በመጨረሻው ወንበር ለብቻው የሚቀመጥ፥ በዕረፍት ሰዓት የሚያነጋግረው የሌለ ተማሪ ካለ፥ መጻጕዕ ከእኛ ጋር ይማራል ማለት ነው። «ሰው» ልንሆንለት እንችላለን። ይህ ትልቅ ሥራ አይመስልም፤ ለተቀበለው ግን ትልቅ ነው።

6ኛ. እምነትና ሕክምና

በዚህ ቦታ አንድ ከባድ ነገር ሳላነሣ ባልፍ ጥናቱ ጐዶሎ ይሆናል። ደኅንነት ከእግዚአብሔር ነው ስንል ሐኪም አያስፈልግም ማለታችን ነውን? አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱሳችን የሚቈጠረው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፥ እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው እንድናውቅ፥ ከምድር የሚገኘውንም መድኃኒት ብልህ ሰው እንዳይንቅ ያስተምራል። ወንጌላዊው ሉቃስም ባለመድኃኒት እንደ ነበረ ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቈላስይስ ሰዎች ጽፏል።

በአገራችን ይህ ጥያቄ የሕይወትና የሞት ጥያቄ ሆኖ ያውቃል። የኤች አይ ቪ ሕሙማን በእንጦጦ ማርያም ጸበል ተሰብስበው ሲጠመቁ፥ ከእነርሱ መካከል ጸበሉን ሲጀምሩ ኪኒኑን የተዉ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይቃረኑ፥ ሁለቱንም አንድ ላይ መውሰድ እንደሚገባ አስተማሩ። ይህ ትምህርት ቀደም ብለን ካየነው ቃል ጋር ይስማማል፤ መድኃኒትም መድኃኔ ዓለምም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸውና።

ስለ አእምሮ ሕመምም እንዲሁ ነው። እንቅልፍ ያጣ፥ ምግብ የተወ፥ መኖር የሰለቸው ጓደኛ ቢኖረን «ጸልይ» ብለን ብቻ ልንተወው አይገባም። አብረን እንጸልይ፤ ነገር ግን ለወላጁ ወይም ለመምህሩ እንንገር፥ ወደ ሐኪምም ይሂድ። አዲስ አበባ የሚገኘውን አማኑኤል ሆስፒታልን ስም ለስድብ የሚጠቀሙ ልጆች አሉ። አማኑኤል ማለት ግን እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት ነው። የአእምሮ ሕሙማን የሚታከሙበት ቤት ከዚህ የተሻለ ስም ሊሰጠው አይችልም ነበር፤ እኛም በዚህ ስም ልንሳለቅ አይገባንም።

7ኛ. አንድ ምሳሌ፤ ሙሴ ጸሊም

እስካሁን ያልነውን ሁሉ በአንድ ሰው ሕይወት መመልከት ይቻላል። ይህም በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረው፥ በትውልዱ ኢትዮጵያዊ እንደ ሆነ የሚነገርለት አባ ሙሴ ጸሊም ነው። አስቀድሞ በግብፅ የሰው አገልጋይ ነበር፤ በስርቆቱ ምክንያት ጌታው አባረረው፤ ከዚያም የወንበዴዎች አለቃ ሆነ። ጉልበቱ ብርቱ፥ ስሙም የተፈራ ነበር። ጤናን በጉልበት ብንለካው ከሙሴ የበለጠ ጤነኛ አይገኝም ነበር።

በኋላ ወደ አስቄጥስ ገዳም መጥቶ መነኰሰ። ነገር ግን በአንድ ቀን አልተለወጠም። የቀድሞ ልማዱ ለብዙ ዓመታት ታገለው፤ ተስፋ ሊቈርጥ በደረሰ ጊዜም አባ ኤስድሮስ የተባሉት ሽማግሌ ያበረቱት ነበር። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፥ የነፍስ ደኅንነትም ጊዜ ይፈልጋል። ተነሥቶ የወደቀ ሁሉ አልዳነም ማለት አይደለም፤ ወድቆ መነሣትን የተወ እንጂ።

ስለ እርሱ ከተጻፈው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። አንድ ወንድም በድሎ መነኮሳቱ ሊፈርዱበት ተሰበሰቡ፤ አባ ሙሴንም ጠሩት። እርሱም የሚያፈስስ ዕቃ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ምንድር ነው ብለው ቢጠይቁት፥ ኀጢአቱ ከኋላው ሲፈስስ እርሱ እንደማያይ፥ ሆኖም በሌላው ሊፈርድ እንደ ተጠራ ነገራቸው። ይህን ሰምተው ወንድማቸውን ይቅር አሉት። የጥንቱ ወንበዴ ዳኞቹን አስተማረ። የተማረውም ከራሱ ቍስል ነው። የዳነ ሰው ጠባሳውን አይረሳም፤ ጠባሳው ለሌላው እንዲራራ ያደርገዋል። ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ቀን ታስበዋለች።

8ኛ. ከዚህ ምን እንማራለን?

ከላይ የተመለከትነውን በአጭሩ ብንሰበስበው እንዲህ ይሆናል። ደኅና መሆን ሕመም ማጣት ብቻ አይደለም፤ ዘጠኙ ለምጻሞች ይህን ያሳዩናል። ሕመም መኖሩም ደኅንነትን አይከለክልም፤ ቅዱስ ጳውሎስ ምስክር ነው። ደኅና የሆነ ሰው ከፈጣሪው ጋር የታረቀ፥ በልቡ አንድ የሆነ፥ ከባልንጀራው ጋር ሰላም ያለው ሰው ነው። አካሉንም ከእግዚአብሔር እንደ ተቀበለው አደራ አድርጎ ይጠብቀዋል።

ይህ ለመናገር ቀላል፥ ለመኖር ከባድ ስለ ሆነ፥ ለተማሪ ጓደኞቼ ሦስት ነገር ላሳስብ። አንደኛ፥ በየማታው ከመተኛታችን በፊት የለመንነውን ሳይሆን የተቀበልነውን አንድ ነገር አስበን እናመስግን፤ እንደ ሳምራዊው ከመንገድ እንመለስ። ሁለተኛ፥ የምንደብቀውን ነገር ለአንድ ለምናምነው ሰው፥ ለንስሐ አባት ወይም ለወላጅ እንግለጥ፤ ብቻውን የተሸከሙት ይከብዳልና። ሦስተኛ፥ ከተኳረፍነው ሰው ጋር ሳንታረቅ የትምህርት ዘመኑ አይለቅብን። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መባን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድም ጋር መታረቅ እንደሚገባ አስተምሯልና።

ለወላጆቻችንና ለመምህሮቻችንም አንድ ልመና አለን። የልጃችሁን ውጤት ስትጠይቁ ልጁንም ጠይቁት። ከክፍሉ 1ኛ የወጣ ልጅ ልቡ የተሰበረ ሊሆን ይችላል፤ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣውም ጠባዩ የቀና፥ ልቡ ያረፈ ሊሆን ይችላል። የውጤት ካርድ የትምህርቱን ነጥብ ያሳያል፤ የልብን ነገር ግን ተቀምጦ ያነጋገረ ብቻ ያውቀዋል።

የሰውን ልጅ በሥጋም በነፍስም የሚያድን አምላክ፥ የተከፋፈለውን ልባችንን አንድ ያድርግልን፤ ሰው ላጣውም ሰው እንድንሆን ይርዳን።